ዓይኗ ቀልቷል

«እነዚህ ሰባቱ ዛሬ እንዳይመጡ» አለኝ ሚስተር ሃስኬል፣ ገና ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ። ዕለቱ ሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ርዕሰ መምህራችን ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አንድ፣ የመጣው ከሰሜን፣ ሲያወራ የሰው ትከሻ የሚነካ ዓይነት። ቢጫ ወረቀት ላይ ሰባት ስም ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «ለቤተሰቦቻቸው ይደውሉላቸው፣ ሚስ ኤርሊን። ክፍላቸው ውስጥ ዓይን የሚያቀላ ተላላፊ በሽታ ታይቷል፣ ለጥንቃቄ ቤት ይዋሉ፣ ቀሪ ተብሎ አይያዝባቸውም ይበሏቸው።» በሽታው መቼ እንደታየ አልጠየቅኩም። ምን ቢቸግረኝ እጠይቃለሁ? ሦስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱን የሚመዝኑት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። እነዚህ ሰባት ልጆች ደግሞ ወንበር የሚወረውሩ፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተው አንወጣም የሚሉ፣ አስተማሪ ሲናገር የሚጮኹ ናቸው። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። የመጨረሻዋ ዛሪያ ነበረች፤ እህቴ የምታሳድጋት የልጅ ልጇ፣ የእኔ የክርስትና ልጅ።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ሄሮን ጌት ይባላል። ዛሬ የምለው ነገ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ነው። እኔ እዚሁ ሕንጻ፣ እዚሁ መስኮት ሥር ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ በሩ ላይ ያለው ስም ግን አራት ጊዜ ተቀይሯል። ድሮ የመንግሥት ነበር። ከተማውን ካሰመጠው ጎርፍ በኋላ ሁላችንንም በአንድ ደብዳቤ አሰናበቱንና ኒው ኦርሊንስን በሙሉ ቻርተር በቻርተር አደረጉት፤ ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የግል ቦርድ፣ ፈቃዱ በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ። እኔን አዲሶቹ መልሰው ቀጠሩኝ። ፈቃድ የተከለከለ ይዘጋል። በዚህ ሕንጻ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንበር ያስወጣሁት፣ የልጆቹን ፋይል በካርቶን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሲዘጋ ልጆቹን ኮምፒዩተር በዕጣ ይበትናቸዋል፤ አንዷ ምሥራቅ፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ። ዴሻ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበረችን፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጨለማ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር። እናቷ እየደወለች ታለቅስብኛለች። የተዘጋ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ምን ታደርጋለች? አብሬያት አለቅሳለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ። እኛ አምና በግምገማ ያገኘነው ውጤት ዲ ነው። ገምጋሚዎቹ ዘንድሮም ከዲ ካላነሱን ሰኔ ላይ በሩ ይዘጋል፤ እኔም ለጡረታዬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲቀረኝ ካርቶን ማሰር ልጀምር ነው።

ለስድስቱ ደወልኩላቸው። አንዷ እናት «እና እኔ ሥራዬን ልተወው? ሆቴሉ ሰኞ ሰኞ አይለቀኝም!» ብላ ጮኸችብኝ። አንድ አባት ዝም ብሎ ሰምቶኝ «ዛሬ እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» አለና ሳቀ። ሰው ሞኝ አይደለም። ሰባተኛውን ቁጥር ግን እጄ አልደውል አለኝ። ከእህቴ ከበርናዴት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው የምንኖረው፤ መንታ ቤት ነው፣ በረንዳው አንድ፣ መሀሉን ግድግዳ የከፈለው። በዚያ ግድግዳ በኩል ሳሏን እሰማለሁ፣ ቴሌቪዥኗን እሰማለሁ፣ ማታ ማታ ዛሪያ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ስታለቅስ እሰማለሁ። ከምስጋና በዓል ወዲህ ግን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። በረንዳ ላይ ስንገናኝ እሷ አበባዋን ታጠጣለች፣ እኔ ቁልፌን እፈልጋለሁ።

«ሃሎ» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ድንግጥ ብላ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም። ስለ ዛሪያ ነው» አልኩና የተባልኩትን አንድ ባንድ አነበነብኩላት፤ የዓይን በሽታ፣ ለጥንቃቄ፣ ቀሪ አይያዝባትም። እንደ ሌሎቹ ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ቆይ እስቲ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። «ዛሪያ! ነይ እስቲ ወደ መብራቱ። ቀና በይ… ወደ ላይ እይ… አትቁለጭለጪ» ስትል ይሰማኛል። ተመልሳ መጣች። «እውነትሽን ነው» አለችኝ፤ «ቀላ ብሏል። ግራው ይብሳል። አየሽ፣ ሻንጣዋን አዝላ በር ላይ ነበረች እኮ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።» ከዚያ «ስለደወልሽ እግዜር ይስጥሽ፣ ኤርሊን» ብላ ዘጋችው። ልጅቷ ጤነኛ ናት። እህቴ ግን እኔ ቀልቷል ስላልኳት ቀልቶ አየችው።

ዛሪያን እዚህ ያመጣኋት እኔው ነኝ፤ ይኼን መደበቅ አልችልም። በፊት መነኮሳት በሚያስተምሩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት «አምጫት፣ ከዓይኔ ሥር ትሆናለች፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ የመሰከርኩት እኔ። ያን ጊዜ አምኜበት ነበር። ሄሮን ጌት ሲመጣ ግድግዳው ተቀባ፣ ወለሉ ላይ ሰማያዊ መስመር ተሰመረ፣ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመስመሩ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ መሄድ ጀመሩ። ድሮ እንደ ገበያ ይንጫጫ የነበረው ኮሪደር እንደ ቤተክርስቲያን ጸጥ አለ። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው አልኩ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የሚማር መሰለኝ። ዛሪያ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ማንበብ አትችልም። ከነሐሴ ወዲህ ሦስት አስተማሪ ተቀያይሮባታል፤ አሁን ያለው ባለፈው የበጋ ዕረፍት የስልክ ሱቅ ውስጥ ሻጭ የነበረ ልጅ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ግን ምን ያድርግ፣ እሱንም ያስተማረው የለም። የማንበብ ተራዋ ሲደርስ ዛሪያ ወንበሯን ትወረውራለች። ወንበር የወረወረ ልጅ ወደ ውጭ ይባረራል፤ የተባረረ ልጅ ደግሞ ማንበብ የለበትም፣ ማንም አይስቅበትም። ይኼን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

በርናዴትም አውቃለች። ለዚህ ነው ደብዳቤ የጻፈችው። ቤተሰብ «ልጄ መማር ያቃታት ምን ሆና እንደሆነ መርምሩልኝ» ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ እኔ ወረቀቱ ላይ የዕለቱን ቀን የያዘውን «ደርሷል» የሚል ማህተም እመታበታለሁ። ማህተሙ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጠራል፤ በስድሳ የትምህርት ቀን ውስጥ ልጅቷ ካልተመረመረች ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ በግምገማም ይያዝበታል። ማህተም ያላረፈበት ደብዳቤ ግን አልመጣም። መስከረም መጨረሻ ላይ ሚስተር ሃስኬል ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እስከ ፈቃድ እድሳቱ ድረስ እነዚህን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ብናቆያቸውስ? መርማሪዋ እንደሆነች ለቅቃለች፣ ሰው የለንም፣ ለምን ሰዓቱን እናስጀምራለን?» አለኝ። ብናቆያቸውስ አለ እንጂ አቆዩ አላለም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ማዘዝ አይወዱም። አሥራ አራት ደብዳቤ አቆየሁ። ሦስቱ የእህቴ ናቸው፤ መነኮሳቱ ባስተማሯት በዚያ ጥንቅቅ ባለ የእጅ ጽሑፏ የተጻፉ። ሦስተኛውን ራሷ ይዛ መጥታ በመስኮቱ አቀበለችኝ። «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ» አለችኝ፣ «የእኔን ልጅ የሚያያት ጠፋ?» «በሂደት ላይ ነው» አልኳት። በሂደት ላይ! የእናቴን ልጅ፣ አብራኝ ባንድ አልጋ ያደገችውን፣ እንደ ባዳ በሂደት ላይ ነው ብዬ መለስኳት። አየችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳው ብቻ የቀረን።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራቱን ደብዳቤ ከመሳቢያው አውጥቼ በምሳ ዕቃዬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ይኼንን ማንም አላዘዘኝም። ገምጋሚዎቹ መሳቢያ ይከፍታሉ ሲባል ሰምቼ ራሴው አደረግኩት። ያ ሁሉ ሲሆን ሕንጻው እየተሽቀረቀረ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተከራይተው ያመጧቸው ትልልቅ ዛፎች ተደርድረዋል፤ ለሁለት ቀን ሁለት መቶ ዶላር ነው አሉ። ሽንት ቤት ሳሙና ገብቷል፤ አንዷ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሳሙናውን እያሸተተች ወጥታ «ሚስ ኤርሊን፣ ሎሚ ሎሚ ይላል!» አለችኝ። ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከበረው የማርዲ ግራ በዓል ሰሞን ስለሆነ እንግዶች ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ስኳር የተነሰነሰበት የንጉሥ ኬክ ተቀምጧል። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የልጆች ሥዕል ተሰቅሏል፤ መሀል ላይ ያለው የዛሪያ ነው። የትምህርት ቤቱ ስምና ምልክት የሆነችውን፣ ሄሮን የምትባለውን ረጅም እግር የውኃ ወፍ ነው የሳለችው፤ አንድ እግሯን ሰብስባ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ አንገቷን አዙራ ሰውን የምታይ። ልጅቷን ከቤት አስቀሩና ሥዕሏን መሀል ሰቀሉ።

ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው ዶክተር ሎሬይን ቲቦዶ የምትባል ከስድሳ ያለፈች ሴት ናት፤ ፀጉሯ አጭርና ሽበት፣ ጫማዋ ሲቆም የኖረ አስተማሪ የሚያደርገው ዓይነት ዝቅ ያለ። ሚስተር ሃስኬል እያስጎበኘ ወሰዳቸው። እሷ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻዋን ተመልሳ መጣችና ግድግዳው ፊት ቆመች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ልክ እንደ ልጆቹ ሥዕሉን ስታይ ብዙ ቆየች።

«ይቺን ወፍ የሳለው ማን ነው?» አለችኝ ሳትዞር።

«ዛሪያ ትባላለች። ሦስተኛ ክፍል።»

«ዓይኗን አየሽው የወፊቱን? እየታዘበችን እኮ ነው» ብላ ሳቀች። «ክፍሏ ስገባ አሳዪኝ፣ ላገኛት እፈልጋለሁ።»

«ዛሬ አልመጣችም» አልኩ። «ዓይኗ ቀልቷል።»

«ውይ፣ ምስኪን» አለችና ወደ መስኮቴ መጥታ ክርኗን አስደገፈች። ከዚያ በዚህ ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጠየቀችኝ፤ የት ሰፈር ነሽ አይደለም፣ የማን ልጅ ነሽም አይደለም፣ «የት ነው የተማርሽው?» ነው። ሴንት ኦዲል፣ የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት አልኳት። ጮኸች! እሷም ሴንት ኦዲል ናት፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ። እኔ በማርዲ ግራ ሰልፍ ላይ በትምህርት ቤቱ ባንድ ክላርኔት ስነፋ እሷ ከባንዱ ፊት ዱላ እያሽከረከረች ትሄድ ነበር። ያን ቀጭን እግሯን አስታወስኩት። ጸሐፊነቴ ቀርቶ «አንቺ ልጅ» ሆንኩ። ስለ መነኮሳቱ አወራን፤ ንባብ ያስተምሩን ስለነበሩት ስለ እማሆይ ክሎቲልድ፣ አንድ ቃል ከሳትን ገጹን ከራሱ ያስጀምሩን እንደነበረ። «ጨካኝ ነበሩ» አለች ዶክተር ቲቦዶ፤ «ግን አንብበን ወጣን።» ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ማስታወሻዋን አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች።

«እንግዲህ ሥራዬን ልሥራ፣ አትቀየሚኝ። ቤተሰቦች ልጆቻችንን መርምሩልን ብለው የጻፉት፣ ማህተም ያልተመታበት ደብዳቤ አለሽ?»

ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። በጫማዬ ጫፍ እየነካሁት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አፌ ሊከፈት ነበር። ዱላ ታሽከረክር የነበረችው ልጅ ናት እኮ የጠየቀችኝ፤ አጎንብሼ አሥራ አራቱንም መስኮቱ ላይ ብደረድራቸው አንዲት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን ካርቶኖቹ ታዩኝ። ዴሻ በጨለማ ቆማ ታየችኝ። በርናዴት በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ከወንዝ ማዶ ልጅ ልታመጣ ስትሄድ ታየችኝ። ለዛሪያ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ፤ የራሴም ጡረታ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ አልዋሽም።

«የለም» አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ጻፈች። «አንድ የመጨረሻ» አለች፤ «ይኼ ቅጹ ላይ የለም፣ የራሴ ጥያቄ ነው፤ በየሄድኩበት አንድ ሰው እጠይቃለሁ። የራስሽ ልጅ ብትሆን እዚህ ታስገቢያታለሽ?»

«አስገብቻለሁ» አልኳት። «ያቺ ወፏን የሳለችው የክርስትና ልጄ ናት።»

ብዕሯን አቆመች። ቀና ብላ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። «ታነባለች?»

አልቸኮልኩም። ቸኩዬ ቢሆን ሳይታሰብ አመለጠኝ እል ነበር። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል፣ አንድ ክፍል በመስመሩ ላይ እያለፈ ነው፣ የሃያ ስድስት ልጅ እርምጃ እንደ አንድ ሰው።

«ታነባለች» አልኳት።

«ተመስገን» አለች፣ ከልቧ ነው ያለችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት በመስኮት በኩል ጽሑፍ በግልባጭ ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ። የጻፈችው ይኼን ነው፦ ሠራተኞች የገዛ ቤተሰባቸውን ልጆች እዚህ ያስተምራሉ፤ በትምህርት ቤቱ ጥራት ላይ ጠንካራ ማስረጃ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሚስተር ሃስኬል ከደስታው ብዛት የሚይዘውን አጥቶ መጣ። ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘኝ። «ወደዱዎት! ዶክተር ቲቦዶ ስለ እርስዎ ነው ያወራችው። ሲ እናገኛለን፣ ሚስ ኤርሊን፣ እኔ እነግርዎታለሁ፣ ሲ ነው።» ከንጉሥ ኬኩ የተረፈውን ቁራሽ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ደግሞ ክፍል ለክፍል እየተቀመጡ ነው የሚያዩት። ሰባቱን አንድ ቀን ይጨምሩልኝ» አለ።

«ቤተሰቦቻቸው ሥራ አላቸው» አልኩት።

«አንድ ቀን ብቻ።»

«ዶክተር ቲቦዶ ዛሪያን ማየት ትፈልጋለች። ጠይቃኛለች።»

አሰበበት፤ በእውነት አሰበበት። «ማንበብ ተራ ሲደርሳት ምን እንደምታደርግ እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ ለስለስ ብሎ። «ለእሷስ ጥሩ ነው? እንግዳ ፊት?» ምን ልበለው? እኔ ነኝ እኮ ታነባለች ያልኩት። ልጅቷ ነገ ያን ክፍል ከረገጠች ውሸቴ ከዶክተር ቲቦዶ ፊት ወንበር ይዞ ሊነሳ ነው። ለስድስቱ ቤት ደወልኩና ጨረስኩ። ለሰባተኛው ራሴ ቤት ስገባ እነግራታለሁ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

በአውቶቡስ ስመጣ ከበርናዴት በር ፊት ማለፌን ነበር የፈራሁት። ገና በረንዳውን ስረግጥ በሩ ተከፈተ። ሽርጥ አድርጋለች፣ ማንኪያ ይዛለች። ሰኞ አይደል፣ ቤቱ እንደ ከተማችን የሰኞ ልማድ ቀይ ቦሎቄ ይሸታል፤ ከቋሊማ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የዋለ፣ ልክ እንደ እናታችን አሠራር። ሁለት ወር በግድግዳ በኩል ሳሸተው የከረምኩት ነው። «ግቢ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ እህቴ ይቅርታ ስትል እንዲህ ነው የምትለው። «ቦርሳሽን አምጪ፣ ልስቀልልሽ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ይቆይ፣ እኔ ጋ ይሁን» አልኩና ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ።

ሳሎኑ ጨልሟል። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርባበታለች፤ ብርሃን ለታመመ ዓይን አይሆንም ብላ። ዛሪያ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ዓይኗ ላይ የረጠበ ነጭ ጨርቅ፣ አጠገቧ ለብ ያለ የጨው ውኃ በሳህን። «በየሰዓቱ ነው ያጠብኩላት» አለች በርናዴት፤ «መጀመሪያ አልቅሳ ነበር፣ ኋላ ለመደችው። ቴሌቪዥንም ከለከልኳት። እንደ ትልቅ ሰው ነው ችላው የዋለችው።» ሩዙን ስታወጣ፣ ቦሎቄውን ስትጨልፍ ታወራለች፤ የሁለት ወር ወሬ ነው ያጠራቀመችው። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ጠዋት ስልኩን ሳነሳ ድምፅሽን ሰምቼ…» አለችና ተወችው። ማንኪያዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። «እኔ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጄን የሚያስታውሳት ሰው የለም ብዬ ነበር። በልቤ ብዙ ተናግሬሻለሁ፣ ኤርሊን። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቦርሳውን አጥብቄ ያዝኩት፤ የደብዳቤዎቹ ጫፍ በቆዳው በኩል ይቆረቁረኛል።

«ናኒ» አለችኝ ዛሪያ ከነጨርቋ። በእኛ ከተማ የክርስትና እናት ናኒ ነው የምትባለው። «ሰዎቹ መጡ? ሥዕሌን አዩት?»

«አዩት።»

«ምን አሉ?»

«አለቃቸው ብዙ ቆማ አየችው» አልኳት። «ወፏ እየታዘበችን ነው ብላ ሳቀች። ላገኛት እፈልጋለሁ አለች።» ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። በዚያ ቀን ከአፌ ከወጣው ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነበር፤ አንድ እውነት ልስጣት ብዬ መሰለኝ።

ዛሪያ ጨርቁን ከዓይኗ ላይ ገፋ አድርጋ ብድግ አለች። «እኔን? እኔን ነው ላግኛት ያለችው? ነገም ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«እንግዲያው ነገ እሄዳለሁ! ድኗል እኮ፣ አያቴ፣ ድኛለሁ! እዪኝ!» ሶፋው ላይ ቆማ ትዘላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ልሂድ ስትል የሰማሁት? በርናዴት እየሳቀች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «ቁጭ በይ፣ አንቺ። እኔ መነጽሬ አሮጌ ነው፣ ጠዋትም አምልጦኝ ነበር። ናኒሽ ትይሽ። እሷ ናት የምታውቀው» ብላ ጥግ ያለውን መብራት አበራችው።

ልጅቷ መጥታ ከጉልበቴ ፊት ቆመች። ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጉንጯ ከጨው ውኃው የተነሳ ደርቆ ነጭ ነጭ ብሏል። ሳትጠየቅ ቀና አለችልኝ፣ ዓይኗን በለጠጠችልኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አየችልኝ፤ ቀኑን ሙሉ አያቷ ስትመረምራት ስለዋለች ለምዳዋለች። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ዓይን አይቼ አላውቅም። ነጩ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ መሀሉ ላይ እኔ አለሁ፣ ትንሽዬ ሆኜ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ። በርናዴት ከጀርባዋ ቆማ ትጠብቃለች። ድስቱ ይንተከተካል።

«ቀልቷል» አልኩ። «አንድ ቀን ይጨመርላት።»

ዛሪያ ወዲያው አላለቀሰችም። ዓይኗን ሁለት ጊዜ ጨፈን ገለጥ አደረገች፣ ውስጡን እንደሚያዳምጥ ሰው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ ቀስ ብላ «አዎ» አለች፣ «ያቃጥለኛል።» ተመልሳ ሶፋው ላይ ተኛች፤ ጨርቁን ከሳህኑ ውስጥ ነከር አድርጋ ጨመቀችው፣ ራሷ በእጇ ዓይኗ ላይ አደረገችው።